ኮባ በውርጭ አገር

ይህችን ጽሑፍ የምንልክላችሁ በሰሜን እንግሊዝ ከምትገኘው ከሼፊልድ ከተማ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «እኛ» ስንልም ባልና ሚስቱን ማለታችን ነው፤ ልጆቻችን ስለ ጓሮ ነገር የራሳቸው አስተያየት ስላላቸው በእነሱ ስም መናገር አንደፍርም።

ነገሩ የተጀመረው በ2010 ግንቦት ወር ነው። ለልጆቹ የእንጆሪ ችግኝ ለመግዛት ከከተማው ዳር ወደሚገኝ አንድ የአበባና የችግኝ መደብር ሄድን። እናታችንም አብረውን ነበሩ። «እናታችን» የምንላቸው የአንዳችን ወላጅ፣ የሌላችን አማት ናቸው፤ ሆኖም ወደ አሥራ አንድ ዓመት ያህል በአንድ ጣራ ሥር ስንኖር ማን የማን እንደሆነ መለየቱን ትተነዋል። ያን ጊዜ ከጉራጌ አገር ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ቋንቋውን አያውቁም፣ ጎረቤት የላቸውም፣ በር ላይ ተቀምጦ መንገደኛ ሰላም ማለት የለም። ቀኑን ሙሉ በመስኮት በኩል ዝናቡን ሲያዩ ይውሉ ነበር።

በመደብሩ የመስታወት ቤት ውስጥ ስንዞር እናታችን በድንገት ቆሙ። በአንድ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ከሰው ቁመት የማያንስ፣ ቅጠሉ ሰፊ፣ ጀርባው የደረቀ ደም የመሰለ ተክል ተተክሏል። እናታችን ምንም ሳይናገሩ ጎንበስ ብለው ግንዱን ከሥሩ ጨበጡና ቀና አሉ። «እንሰት ነው» አሉ። ሻጩ መጥቶ የተንጠለጠለውን ካርድ አነበበልን፤ «የአቢሲኒያ ሙዝ» ይላል። ሙዝ ግን አያፈራም፣ ለጌጥ ብቻ ነው ሲል አስረዳን። ተረጎምንላቸው።

«ለጌጥ?» አሉ እናታችን። «ሰው የሚያሳድር ነገር ለጌጥ?»

ዋጋው 25 ፓውንድ ነበር። እንጆሪው ቀረና እንሰቱ ተገዛ።

እዚህ ላይ ጥቂት ወጣ ብለን ብንናገር አንባቢ ይቅር ይለናል ብለን እናስባለን። እንሰት ለእንግሊዞች አዲስ ነገር አይደለም። ጀምስ ብሩስ የአባይን ምንጭ ፍለጋ አገራችን ደርሶ ከተመለሰ በኋላ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ እንሰትን በሥዕል ጭምር አሳይቷቸዋል። በ1853 ደግሞ ምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ዘሩን ለንደን ወዳለው ወደ ኪው የዕፅዋት ማዕከል ላከ። ቆንስሉም በዳግማዊ ቴዎድሮስ ታሪክ ውስጥ ስሙን የምናውቀው ፕላውደን ነው። ከዚያ ወዲህ የትልልቅ ቤት አትክልተኞች ለጌጥ ይተክሉት ጀመር። ፋሽኑ ቆይቶ ቀዘቀዘ፤ እንደገና የተነሣው ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው። ክሪስቶፈር ሎይድ የሚባል ታዋቂ የአትክልት ጸሐፊ ግሬት ዲክስተር በተባለው ቤቱ የነበረውን የቆየ የጽጌረዳ ቦታ በ1993 ነቅሎ በምትኩ ሙዝና ሴት አኩሪ፣ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውንም የሞቃት አገር ተክሎች ተከለበት። ብዙ ሰው ተቆጣ፣ ብዙ ሰው ደግሞ ተከተለው። ዛሬ በዚህ በሚቀዘቅዘው አገር «የሞቃት አገር መልክ ያለው ጓሮ» ማልማት የብዙ ሰዎች ፍቅር ሆኗል።

እንዴት ይቻላል? ላላችሁን፣ ነገሩ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው መልካቸው የሞቃት አገር፣ ጠባያቸው ግን የብርድ አገር የሆኑትን መርጦ መትከል ነው። ለምሳሌ ከቻይና የመጣ አንድ የዘንባባ ዓይነት አለ፤ ግንዱ ጭገር የለበሰ፣ ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ሆኖ በረዶ ተከምሮበት ከዜሮ በታች አሥር ዲግሪ ቢደርስ እንኳ አይሞትም። እናታችን አይተውት «ይህ ዘንባባ አይደለም፣ ጠጉራም መጥረጊያ ነው» ብለውታል። ፋትሲያ የሚባል ደግሞ ከጃፓን የመጣ ሰፊ ቅጠል አለ፤ ጥላና ብርድ አያስጨንቀውም። የጃፓን ሙዝ የሚሉትም አለ፤ ስሙ የጃፓን ይሁን እንጂ አገሩ ቻይና ነው። የእሱ ቅጠልና ግንድ በውርጭ ቢሞትም ከመሬት በታች ያለው ሥሩ ወፍራም ጭድ ከተደረበለት ይተርፋል፤ በግንቦት እንደገና ከመሬት ይበቅላል። ሁለተኛው መንገድ ብርድ የማይችለውን ተክል በሙቀቱ ወራት ውጭ ማሳደግ፣ በብርዱ ወራት ነቅሎ ቤት ማስገባት ነው። እንሰት ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። ሻጩ ግን ያንን አላወቀም ወይም ከጃፓኑ ሙዝ ጋር አምታታው። «ሥሩን በጭድ ሸፍኑት፣ ውጭ ይከርማል» አለን።

ያ በጋ ለእናታችን እንደ ዒድ ነበር ብንል አላጋነንንም። የሼፊልድ የሰኔ ቀን ከንጋት እስከ ምሽት አሥራ ሰባት ሰዓት ያህል ብርሃን ነው። ዝናቡም አይጠፋም። እንሰቱ ፍግ እያገኘ በየሳምንቱ አንድ ቅጠል ያወጣ ጀመር። እናታችን ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተመልሰው መተኛት ትተው ወደ ጓሮ መውጣት ጀመሩ። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ መርካቶ ሲነግዱ ኖረዋልና ቤቱንም እንሰቱንም የያዙት እሳቸው ነበሩ፤ በወንድ የሚሠራውንም በሴት የሚሠራውንም ያውቃሉ።

ጥቅምት ሲገባ «ንቀሉትና ቤት አስገቡት» አሉን። እኛ ካርዱን አንብበናል፣ ሻጩን ጠይቀናል። እማ የዚህን አገር ብርድ ገና አንድ ጊዜ ነው ያዩት፣ እኛ ግን ብዙ ጊዜ አይተነዋል አልን። እውነቱን ለመናገር የሚነቀለውን ነገር ትልቅነት አይተን ሰነፍንም። ጭድ ከምረን፣ ላስቲክ ደርበን ተውነው።

በዚያ ዓመት ኅዳር መጨረሻ ላይ በሼፊልድ የጣለው በረዶ ከጉልበት ጠለቀ። ቀጥሎ የመጣው ታኅሣሥ በብሪታንያ ከመቶ ዓመት ወዲህ ከታዩት የታኅሣሥ ወራት ሁሉ የቀዘቀዘው ሆነ። መኪና ቆመ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። በጥር መጀመሪያ በረዶው ሲቀልጥ ላስቲኩን ገለጥነው። እንሰቱ ቆሞ ነበር። ስንነካው ግን ጣታችን ገባ፤ ከውስጡ የሚከረፋ ውኃ ፈሰሰ።

ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳነው። የእንሰት ግንድ የምንለው እውነተኛ ግንድ አይደለም፤ የቅጠሎች እግር አንዱ በሌላው ላይ ተጠቅልሎ የሠራው፣ አብዛኛው አካሉ ውኃ የሆነ ነው። ውኃው በውስጡ ሲረጋ የበረዶው ስባሪ ሥጋውን ከውስጥ ይበጣጥሰዋል፤ ሲቀልጥ ይበሰብሳል። ሙዝ ከጎኑ ልጆች ስለሚያወጣ ግንዱ ቢሞት ልጆቹ ይተኩታል። እንሰት ግን ካልተገደደ በቀር ልጅ አያወጣም፤ የሚያድግበት አንድ ልብ ብቻ ነው ያለው። እሱ ከሞተ አለቀ። በጉራጌ ደጋም ሌሊት ውርጭ ይመታዋል፣ ቅጠሉም ይጠቁራል፤ ነገር ግን ጠዋት ፀሐይ ትወጣለች፣ መሬቱ ይሞቃል። እዚህ በታኅሣሥ ፀሐይዋ ስምንት ሰዓት ሳትቆይ ትጠልቃለች፤ ዙህርን ሰግደን ሻይ ሳንጠጣ ዐስር ይደርሳል፣ አሥር ሰዓት ሳይሞላ መግሪብ ነው። መሬቱም ለሳምንታት እንደረጠበና እንደቀዘቀዘ ይኖራል።

እናታችን አልተቆጡንም። ቢቆጡን ይሻለን ነበር። የበሰበሰውን በአካፋ ስናወጣ ከመስኮቱ ኋላ ቆመው አዩን። ማታ እራት ላይ «ወደ አገሬ መልሱኝ» አሉ። ከዚያ በፊት ብዙ ከፍቷቸው ያውቃል፣ ይህን ቃል ግን ተናግረውት አያውቁም ነበር። አገር ቤት ያለው ቤታቸው ተዘግቷል፣ ስኳራቸው ሐኪም የማይለየው ነው፣ የሚያስታምማቸው የለም። ይህን ሁሉ ደርድረን ነገርናቸው። ሰሙን። በነጋታው ግን ጓሮ አልወጡም፤ በሚቀጥለውም ሳምንት አልወጡም።

በ2011 ሚያዝያ ሌላ እንሰት ከሌላ መደብር ገዛንላቸው። ለሁለት ሳምንት ሳይነኩት ቆዩ። በሦስተኛው ሳምንት ቦታው አይሆንም፣ ነፋስ ቅጠሉን ይተለትለዋል ብለው ከግድግዳው ጥግ አስተከሉን። በጥቅምት ትእዛዙን ሰጡ፤ እኛም ያለ ክርክር ፈጸምን። አሠራሩን ምናልባት በብርድ አገር ላለ ወገናችን ይጠቅም እንደሆነ እንንገር። ከባዱ ውርጭ ሳይመታ ከመሐል ያልተፈታው ቅጠል ሲቀር የቀረውን ሁሉ ቆርጦ መጣል፣ ዙሪያውን በዶማ ቆፍሮ ከነአምቾው ማንሣት፣ አፈሩን ማራገፍ። ከዚያ ራሱን ወደ ታች፣ ሥሩን ወደ ላይ አድርጎ ለጥቂት ቀን ማቆም ነው፤ በቅጠሎቹ እግር ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ይንጠፈጠፋል። ይህን ሳያደርጉ ቢያስገቡት ቤት ውስጥም ይበሰብሳል። በመጨረሻ በደረቅ ጆንያ ጠቅልሎ ውርጭ በማይደርስበት፣ ሙቀትም በሌለበት ሥፍራ ማስቀመጥ። ውኃ አይጠጣም። እስከ ሚያዝያ ይተኛል፤ ከዚያ በማሰሮ ተተክሎ በመስታወት ቤት ይነቃል፣ ውጭ የሚወጣው ግን ግንቦት አልቆ የውርጭ ሥጋት ሲቀር ነው። የእኛ ማስቀመጫ በጓሮው ያለችው የእንጨት የዕቃ ቤት ነበረች። የሞተ ሰው የተከፈነ ይመስላል ብለው ልጆቹ ለሁለት ዓመት ያህል እዚያ ለመግባት ፈርተዋል።

በ2012 የዒድ አልፈጥር ዳቦ በኮባ ተጋገረ። ዒዱ ነሐሴ 19 ቀን ዋለ። ከመደብር የመጣ ችግኝ የተባይ መድኃኒት ሳይረጭ አይቀርምና የመጀመሪያውን ዓመት ቅጠል ለምግብ አልነካንም ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ቅጠሉ የእኛው ነበር። እናታችን ቅጠሉን ከመሐሉ አጅማት ለይተው፣ እሳት አሳይተው አለዘቡት፣ መጋገሪያውን አለበሱት። ምድጃው የኤሌክትሪክ ነው፣ ዱቄቱ የሱፐርማርኬት ነው። ሽታው ግን ያው ነው። በመስጊድ የምንተዋወቃቸው የሐበሻ ቤተሰቦች መጥተው በሩ ላይ ቆመው «ይህ ምንድን ነው?» ያሉት ሳይገቡ በፊት ነው። የወሎዋም የጅማዋም እናቶች የየቤታቸውን ዳቦ ሲያወሩ ዋሉ፣ እናታችንም በመሐል ተቀምጠው ኮባ እንዴት እንደሚቆረጥ ሲያስረዱ አመሹ።

ቆጮስ ወጣው ወይ? ለምትሉን፣ አልወጣም። በአገሩ እንኳ ለመፋቅ ዓመታት የሚጠበቅለት ነው፤ በየዓመቱ እየተነቀለ የሚተኛ እንሰት ደግሞ እንደዚያ አይወፍርም። እናታችን በጥያቄው ይስቁ ነበር። ቡላቸው ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ይመጣላቸዋል።

ከሁሉ የምናስታውሰው ግን የ2013 ሚያዝያ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን በከተማው የብረት ፋብሪካ ዕድሜያቸውን የጨረሱ እንግሊዛዊ አዛውንት ናቸው። አትክልት ይወዳሉ፤ እንሰታችንን ከአጥሩ በላይ እያዩ ያደንቁ ነበር። አንድ ቅዳሜ እናታችን ከተኛበት አስወጥተው ሣሩ ላይ አጋደሙት። ትልቁን የወጥ ቤት ቢላዋ ይዘው ግንዱን ከአምቾው ከፍ ብለው ቆረጡና ጣሉት። ቀጥለው የቢላዋውን ጫፍ ሰክተው ልቡን ፈልፍለው አወጡት። ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ጮኹ። በሩን ዞረው መጡ፤ «ምን ነካቸው? ገደሉትኮ!» አሉን። እኛም ብንሆን አፋችን ደርቆ ቆመን ነበር። አንድ እንሰት በእኛ ስንፍና ሞቷል፤ ይህኛው ደግሞ በገዛ እጃቸው! ጥለውን ሊሄዱ የቆረጡ መሰለን።

እናታችን ቀና ሳይሉ «ለሰውየው ንገሩት» አሉ። «አንድ ልብ ካለው ለራሱ ብቻ ይኖራል። ልቡን ስታወጣበት ልጆች ይወልዳል።»

ጉድጓዱን ፍግና አፈር ሞልተው፣ አምቾውን በመስታወት ቤት ውስጥ በሰፊ ገንዳ ቀበሩት። ጎረቤታችን በየሳምንቱ እየመጡ ያዩ ነበር፤ ባዶ አፈር ነው። ግንቦት አለፈ። በሰኔ አጋማሽ በአፈሩ ላይ ቀያይ ሹል ነገሮች ብቅ አሉ። በመጨረሻ ስንቆጥራቸው 14 ሆኑ። አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና ቆጠሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናታችንን በተለየ አክብሮት ሰላም ማለት ጀመሩ፤ በየሳምንቱም ሐሙስ ሐሙስ አንድ ቋንቋ የማይጋሩ ሁለት ሽማግሌዎች አጥሩ ላይ ተደግፈው በጣት ሲነጋገሩ እናይ ነበር። ምን እንደሚባባሉ ለማወቅ ቀርበን ብንሰማ እሳቸው በእንግሊዝኛ፣ እናታችን በጉራጊኛ ነበር የሚያወሩት።

ችግኞቹ በሚቀጥለው ዓመት ተለያዩ። ሦስቱ ለጎረቤታችን ተሰጡ፣ የቀሩት ለሐበሻ ቤቶች። «ወደ አገሬ መልሱኝ» የሚለው ቃል ጨርሶ ጠፋ አንልም፤ በየዓመቱ በጥር ይመጣ ነበር። በሚያዝያ ግን ይረሳል፤ ሥራ አለና።

በ2018 የካቲት መጨረሻ ከሩሲያ በኩል የመጣው ብርድ የጃፓኑን ሙዛችንን እስከ መሬት ገደለው፤ በሰኔ ተመልሶ በቀለ። ዘንባባው ምንም አልሆነም። እንሰቶቹ በዕቃ ቤቷ ተኝተው ነበር።

እናታችን ያረፉት በ2020 ሚያዝያ ነው፤ አላህ ይዘንላቸው። ወረርሽኙ የበረታበት ወር ነበር። በአገራቸው ለመቀበር ይመኙ ነበር፤ በዚያ ወር ግን ጀናዛን ወደ አገር ማድረስ አልቻልንም፣ በመቃብር ሥፍራም እንዲቆሙ የተፈቀደላቸው ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ለቅሶ የመጣ ሰው የለም፤ ስልኩ ብቻ ይጮህ ነበር። አዛውንቱ ጎረቤታችን በአጥሩ ማዶ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዝም ብለው ቆሙ።

እንሰቶቹን ያስታወሳቸው አልነበረም። ሰኔ ገብቶ ሳር ለማጨድ መሣሪያ ፍለጋ ዕቃ ቤቷን ስንከፍት አምስቱም በጆንያቸው እንደተጠቀለሉ ነበሩ። ሦስቱ ደርቀው ቀልለዋል። ሁለቱ ግን በጨለማው ውስጥ ያለ ውኃ፣ ያለ አፈር እንደ ወተት የነጣ ቅጠል አውጥተው ጆንያውን ቀደውት ነበር። እዚያው ዕቃ ቤቷ ወለል ላይ ተቀመጥን። በቀብሩ ቀን ያላለቀስነውን ያን ቀን አለቀስነው።

ከሁለቱ አንዱን በ2023 ልጃችን በእናታችን ቢላዋ ልቡን አወጣችው። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጎረቤታችን፣ ዛሬ በምርኩዝ የሚሄዱት፣ ወንበር አስመጥተው ከአጠገቧ ተቀመጡና «ጠለቅ አድርጊው፣ አያትሽ ጠለቅ ታደርገው ነበር» እያሉ አሠሯት። ዘጠኝ ልጆች ወለደ። አሁን ይህን ስንጽፍ ጥቅምት አጋማሽ ነው፤ ትናንት ማታ የመጀመሪያው አመዳይ በመኪናው መስታወት ላይ ታይቷል። አራቱን ነቅለን ራሳቸውን ወደ ታች አቁመናቸዋል፤ ከቅጠሎቻቸው እግር ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። አምስተኛውን ነገ ነው የምንነቅለው፤ ወፍሯልና ከጎረቤት የሚያግዝ ሰው ያስፈልገናል።